የማንቆርቆሪያው ስርጉድ

በለጥሻቸው እባላለሁ። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ባዶ ጠርሙስና ጀሪካን እየሸጥኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከሰው መጣላት አልወድም፤ ካጣሉኝ ግን አልመለስም። ይህን የምናገረው ስለ ራሴ ለማውራት ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ስለ ሀጅራ ጠይብ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከእሷ ጋር ሄጄ ያየሁትን ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ አንዳንዱ "አጋነንሽው" እያለ ይስቅብኛል። አላጋነንኩም። እንዲያውም የቀነስኩት አለ።

ሀጅራ ድስት ታቃናለች። እንጀራዋ ይኸው ነው። ወድቆ የተሰረጎደ ድስት፣ ጎኑ የገባ ሳፋ፣ መኪና የረገጠው ባልዲ ያመጡላታል፤ እሷ በእንጨት መዶሻና በአውራ ጣቷ እየገፋች እንደነበረ ታደርገዋለች። አባቷ ጋሼ ጠይብ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው በዚሁ ሥራ ስድስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲታመሙ ትልቋ ሀጅራ ነበረችና ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ መዶሻውን ያዘች። እስኪሻላቸው ነው ተብሎ ነበር። አልተሻላቸውም። አሁን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መዶሻውን እስካሁን አላስቀመጠችም።

ስትሠራ ያያት ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። መዶሻ ከማንሳቷ በፊት ዕቃውን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፤ ቀስ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና "ምን ፍለጋ ነው?" አልኳት።

"ጥላውን" አለችኝ።

ብረት የገባበት ቦታ በጣት ከመዳሰሱ በፊት በጥላው ነው የሚታወቀው አለች። አንደኛው ጫፍ ይጠቁራል፣ ሌላኛው ያበራል፣ በሁለቱ መሃል ያለው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ጥላው ሲጠፋ ዕቃው ቀንቷል ማለት ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ጠርሙስ ሳገላብጥ የማየው ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ሰው እንደ ዓይኑ ነው።

ከዚሁ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ሀጅራ ትስላለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሲሚንቶ ከረጢት የቀደደችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ፊት ለፊቷ ያለውን ዕቃ በእርሳስ ትስላለች። ጭልፋ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የእኔን ጀሪካኖች። አበባ የለ፣ ፈረስ የለ። አንድ ጊዜ የሳለችውን ጀሪካን ከራሴ ጀሪካን ጋር አስተያይቼ የእሷ የተሻለ ሆኖ ስላገኘሁት ተናድጄባት እንደነበር አልክድም። የተራው ሰው ሁሉ "ውይ ሲያምር!" ይላታል። እሷ ግን ይህን ስትሰማ ደስ አይላትም። ምክንያቱን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

"እትዬ በለጥሻቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያምራል ይሉኛል። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይታየኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቀውም። አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እዚህ ጋ ተሳስተሻል ቢለኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ሰው ሲያመሰግንሽ ዝም ብለሽ አሜን በይ! ምን ያቅበጠብጥሻል?" አልኳት። አሁን ሳስበው ያን ቀን አፌን በቆረጠው እላለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ልጇ ዋፋ ናት። ስልክ ከእጇ የማይለይ፣ ባንክ ቤት የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓቷ ላይ እየሮጠች መጥታ፣ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለ አዳራሽ ሰዓሊዎች ተሰብስበው ለሰፈሩ ሰው ለአንድ ዓመት በየቅዳሜው ሥዕል በነፃ ሊያስተምሩ መሆናቸውን ነገረችን። ዕድሜ አይገድብም። ግን በፈተና ነው፤ የሚወስዱትም አሥራ አምስት ሰው ብቻ ነው። እናቷን ሳትጠይቅ አስመዝግባታለች። እኔ በሆዴ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አልኩ። ሀጅራ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ድስት እንኳ ሳታቃና እጇን እያፍተለተለች ዋለች። ያኔ ነው ነገሩ ለእሷ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ። በዚህ ዕድሜዋ ይህ በር ከተዘጋባት ሌላ በር ማንኳኳቷን እጠራጠራለሁ።

በፈተናው ቀን ዋፋ ሥራ ስለነበራት አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሴን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ደረስን። ሃያ ስምንት ተፈታኝ ነበር። አብዛኞቹ ሀጅራ ልትወልዳቸው የምትችል ናቸው። ሁሉም እርሳሳቸውን በሳጥን ደርድረዋል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ለስላሳ። ሀጅራ በምላጭ የቀረጸቻቸው ሁለት እርሳሶችና በላጲስ ፈንታ የምታጠፋበት አንድ ቁራጭ ዳቦ በፌስታል ይዛለች።

ፈታኙ ኢዩኤል የሚባል ቀጭን፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጦ፣ የታጠፈ ጋቢ አልብሶ፣ በላዩ ላይ ሦስት ሎሚ፣ አንድ የዘይት ጠርሙስና አንድ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ደርድሯል። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ዙሪያውን ናቸው። ማንቆርቆሪያው ሆዱ ላይ የቡጢ ያህል ተሰርጉዷል። እንዲህ ያለውን የመረጠው አውቆ ነው፤ ለስላሳ ነገር ማንም ይስለዋል፣ የተሰረጎደ ነገር ላይ ጥላ ማኖር ግን ከባድ ነው ብሎ አስረዳቸው። ከዚያም እያንዳንዱ ዕቃ የቆመበትን ቦታ ጋቢው ላይ በሰማያዊ ጠመኔ እየከበበ ሕጉን ተናገረ።

"ሁለት ሰዓት አላችሁ፤ መሃል ላይ አሥር ደቂቃ እረፍት። የምታዩትን ብቻ ሳሉ። ጠረጴዛውን ማንም አይነካም። የነካ ሰው ፈተናው አበቃ።"

እኔ በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ መጀመሪያ የሁሉንም ዕቃ ቅርጽ በመስመር አወጡ። ሀጅራ ማንቆርቆሪያውን በችኮላ አሰመረችና ቀጥታ ስርጉዱ ላይ ገባች። እርሳሱን አጋድማ፣ ወረቀቱን እየነካች እንደማትነካ፣ ደግማ ደጋግማ ታለብሰዋለች። ጠቆር ያለውን ጫፍ ታጠብቃለች፣ መሃሉን ታሳሳለች፣ የሚያበራውን ባዶ ወረቀት አድርጋ ትተወዋለች። ሰዓቱ ሲጋመስ ስርጉዱ እዚያ ወረቀት ላይ ገብቶ ተኝቶ ነበር። ኢዩኤል ከኋላዋ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየ። ሆዴ ሞቀ። አለፈላት አልኩ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። እረፍት ሲባል ሁሉም ሻይ ፍለጋ ወጡ፤ ኢዩኤልም ስልክ እያነጋገረ ወጣ። ሀጅራ አላሰኘኝም ብላ ቀረች፤ እኔም እግሬን ስለሚያመኝ ቀረሁ። ትንሽ ተቀምጣ ተነሳችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መጀመሪያ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነበር የምታየው። አንገቷን አዘነበለች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ይህን አቋቋሟን አውቀዋለሁ፤ መጮህ ነበረብኝ። ግን ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ያየሁት ነገር ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

ማንቆርቆሪያውን አነሳችው። ክዳኑን ከፍታ እጇን አስገባች፣ በውስጥ በኩል በአውራ ጣቷ ፈለገች፣ ገፋች። ጧ! አለ። ወደ መስኮቱ አዙራ ጥላው መጥፋቱን አረጋገጠች፣ በሻሿ ጫፍ ወለወለችው፣ በጠመኔው ክብ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ሥራዋን እንደጨረሰ ሰው ረክታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቷን አየች። ማንቆርቆሪያውን አየች። እንደገና ወረቀቷን አየች።

"እትዬ በለጥሻቸው" አለችኝ በቀጭን ድምፅ፣ "ምን ሠራሁ?"

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ደግ ልማድም ጉድ እንደሚያፈላ ያን ቀን አየሁ። ሮጬ "መልሺው!" ልላት ስል በሩ ተከፍቶ ልጆቹ ገቡ።

መጀመሪያ ያወቀችው ቲና የምትባል ልጅ ናት። ከምትሠራበት ፋርማሲ በስንት ልመና ፈቃድ አግኝታ የመጣች መሆኗን ጠዋት ስታወራ ሰምቻታለሁ። እርሳሷን አንስታ ቀና አለችና ደርቃ ቀረች።

"ስርጉዱ የታለ? አንድ ሰዓት ሙሉ የሠራሁት የታለ?"

አዳራሹ ተንጫጫ። ኢዩኤል መጥቶ ማንቆርቆሪያውን አየው። ወርቅ የመሰለ፣ ክብ፣ እንከን የሌለው ማንቆርቆሪያ። "ማነው የነካው?" አለ።

እኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። "ድመት ገብታ ነበር" አልኩ።

"ድመት ስርጉድ ታቃናለች እንዴ?" አለ ከኋላ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እኔ ነኝ።

ሀጅራ ተነስታ ቆመች። "ድመት የለም። እኔ ነኝ ያቃናሁት። ሥራዬ ነው። የተሰረጎደ ዕቃ ፊቴ ሲቀመጥ እጄ እኔን አይጠይቀኝም። ይቅር በሉኝ" አለች። አንዳንዶቹ እየሳቁ ነበር፤ ቲና ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ኢዩኤል ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ "እትዬ፣ ሕጉን ጠዋት ተናግሬያለሁ። ወረቀትዎን ይስጡኝ" አለ።

በሁለት እጇ ሰጠችው። እንባ የለ፣ ልመና የለ። ያ ነው አንጀቴን የበላው። ፌስታሏን አንስታ ልትወጣ ስትል ዞር አለች።

"እኔ እወጣለሁ። ግን ለነዚህ ልጆች ስርጉዱን መልሼላቸው ልሂድ።"

"ይመለሳል እንዴ?" አለ ኢዩኤል።

"ብረት አንዴ የታጠፈበትን መስመር አይተውም። ይኸው፣ ፀጉር የምታህል መስመር አለችው፤ ስሄድባት እዚያው ቦታ ይገባል። ትናንት የቀና ድስት በማግሥቱ እዚያው ጋ ተሰርጉዶ ሲመጣልኝ ነው የኖርኩት።"

ኢዩኤል ጎንበስ ብሎ መስመሩን ፈለገው፤ አገኘው። ሰዓቱን አየ። "እሺ፣ ይሞክሩ" አለ።

ሀጅራ ቲናን ጠራቻት። "ልጄ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ አጠገቤ ቁሚ። አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ።" ማንቆርቆሪያውን በግራ እጇ አቅፋ በቀኝ አውራ ጣቷ ጫነችው። ሃያ ሰባት ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያያል። ክትት አለ።

ቲና ወረቀቷንና ማንቆርቆሪያውን አስተያየች። "ታችኛው ጫፍ ከዚህ ጠለቅ ይል ነበር" አለች።

ሀጅራ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። "አሁንስ?"

"አሁን ልክ ነው። ግን ቅድም ደብዛዛ ነበር፤ አሁን ያብለጨልጫል።"

የወለወለችበት ሻሽ ጉድ ሠርቷል። ሀጅራ ዞር ዞር ብላ አየችና ከየወረቀቱ የተራገፈውን የእርሳስ ብናኝ ከወለል ላይ በጣቷ ጠቅሳ ሆዱን በስሱ ቀባችው። ብልጭታው ሞተ። በጠመኔው ክብ ውስጥ አስቀምጣ እጀታውን ወደ መስኮቱ መለሰችውና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች። ጥላው መጥቶ በቦታው ተኛ።

"እሱ ነው!" ብላ ጮኸች ቲና። "እሱ ነው! በእግዜር ማንም እንዳይነካው!"

አዳራሹ በጭብጨባና በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ሀጅራ ፌስታሏን ይዛ ወደ በሩ እየሄደች ነው። በዚህ ጊዜ ያ የማውቀው ቁጣዬ መጣ።

"ሀጅራ፣ ቁሚ!" አልኳት። ከዚያ ወደ ኢዩኤል ዞርኩ። "ልጄ፣ ያንተን ሕግ ሰምተናል። እኛም ተራ ውስጥ ሕግ አለ። የሰው ዕቃ ያበላሸ ሰው እንደነበረ አድርጎ ከመለሰ፣ ይቅር የሚለው ወይም የማይለው የተጎዳው ሰው ነው። ዳር የቆመ ሰው አይፈርድም። በዚህ ሕግ ስንቱ ጠብ ቡጢ ሳይሆን ቀርቷል።"

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ፈተና ነው።"

"አውቃለሁ። የተጎዱት እነዚህ ናቸው። እነሱን ጠይቅ።"

አንገቱን እያከከ ወደ ልጆቹ ዞረ። ሁሉም ቲናን አዩ። ቲና እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ "እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን የባከነብን ሰዓት ይመለስልን" አለች። ሌሎቹም በአንድ አፍ ይመለስልን አሉ።

ኢዩኤል ጥቂት አሰበና ወረቀቷን ለሀጅራ መለሰላት። "የባከነው ሃያ ደቂቃ ነው። ለሁሉም ይጨመራል፣ ለእርስዎ ግን አይጨመርም። መጀመሪያ በተባለው ሰዓት ላይ እርሳስዎን ያስቀምጣሉ። ይስማማሉ?"

"ፍርድ ነው" አለች ሀጅራ፣ ተቀመጠች።

ሰዓቷ ሲደርስ እርሳሷን አስቀመጠች። ጠርሙሱ ገና መስመር ብቻ ነበር፤ ከሎሚዎቹም አንዱ ጥላ አላገኘም። ቀሪውን ሃያ ደቂቃ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች፤ ደግሞ ሌላ ጉድ እንዳይሠሩ ይሆናል። እኔ በልቤ የማውቃትን ማርያምን እየለመንኩ ነበር።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይነበባል ተባለ። ሀጅራ መስጊድ ሄዳ ሰግዳ ተመለሰች። እኔ በቆመ አውቶቡስ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኳት። ምግብ ልግዛ ብላት አልፈለገችም፤ እኔም ብቻዬን መብላቱ አስጠላኝ።

ሰዓቱ ደርሶ ኢዩኤል በሩ ላይ ቆሞ ስም መጥራት ጀመረ። በጣቴ እቆጥር ነበር። ቲና ሦስተኛ ተጠራች። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። የሀጅራ ስም የለም። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። ሀጅራ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችውና መሬት መሬት አየች።

"ሀጅራ ጠይብ።"

እልልታዬን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሰምተውታል ብለውኛል። ሰው ሠርግ መስሎት ዞር አለ። ሀጅራ ግን ሳትስቅም ሳታለቅስም ቆማ ቀረች። ኢዩኤል በእጁ ምልክት ሰጥቶ ወደ ውስጥ ጠራት፤ በሩም ተዘጋ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ሆነ። ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል አልኩ። በሩን ላንኳኳ ስነሳ ወጣች። እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ ይወርዳል።

"ምን ሆንሽ? ምን አደረገሽ?"

"ሰባት ስህተት አገኘብኝ።"

"ሰባት!" አልኩ። ደሜ ፈላ። "በግማሽ ወረቀት ላይ ሰባት! ተቀብዬሻለሁ ብሎ ጠርቶ ሊያዋርድሽ ነው? የት አለ? ይምጣ!"

ክንዴን ያዘችኝ። ያኔ ነው እያለቀሰች የምትስቅ መሆኗን ያየሁት። ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥርልኝ ጀመር። "ጠርዙን እንደ ቆርቆሮ ቆርጬዋለሁ፤ የእውነት ዕቃ እንዲህ ያለ መስመር የለውም አለኝ። ጥላውን በጣቴ አሽቼዋለሁ፣ ስለዚህ ቆሽሿል። ሎሚው ከጋቢው ጋር አልተነካካም፣ በአየር ላይ ነው። አየሽ እትዬ በለጥሻቸው? በአየር ላይ ነው! ሠላሳ ዓመት የሳልኩት ሁሉ በአየር ላይ ነበር፣ ማንም አልነገረኝም!"

ሰባቱንም ቆጠረችልኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ ያለው አልገባኝም። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እንባዋን ጠርጋ፣ "ቅዳሜ ከአንደኛው እንጀምራለን አለኝ" አለች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ቀጥላ። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ በድንገት ከጠዋት ጀምሮ እህል አለመቅመሴ ትዝ አለኝና ተያይዘን ምሳ ፍለጋ ሄድን።